ተራ ያልጠበቀች ወታደር

ጋሽ ዓብዱልጀባር ከቤት ሊወጡ ሲሉ መዳፋቸውን ምድጃው ላይ ያሳርፋሉ። በየቀኑ። ቀዝቃዛ ሲሆንላቸው «አልሐምዱሊላህ» ብለው በሩን ይቆልፋሉ፤ አንዳንዴ ደረጃውን ከወረዱ በኋላ ተመልሰው እንደገና ይነኩታል።

ይህ ልማድ የመጣው ድስቱ ካረረ ወዲህ ነው። ያን ዕለት ልጃቸው ራኒያ ከምትኖርበት ከሬንተን እየበረረች መጥታ የመኪናውን ቁልፍ ወሰደችባቸው።

«ኦኬ አባዬ፣ በቃ! ቤቱን ለቀህ እኔ ጋ ትገባለህ።»

የስደት ዘመናቸውን ሙሉ ታክሲ የነዱባትን ከተማ ከልጅ መኪና የኋላ ወንበር ማየት ሞት መሰላቸው። «ቼዝ የሚጫወት ሰው አእምሮው ሄደ ይባላል? ቅዳሜ ውድድር አለኝ፤ መጥተሽ እዪኝ» ብለው ለመኗት። እሺ አለች፤ ጨዋታውን በሥርዓት ከጨረሱ ቁልፉ ይመለስላቸዋል፣ ቤታቸውም ይቀመጣሉ።

ቅዳሜ ሬኒየር ቫሊ በሚባለው ሰፈር፣ የቼዝ ክለቡ አዳራሽ ውስጥ፣ ተጋጣሚያቸው ጳውሎስ ነበር፤ በዕድሜ ልጃቸው የሚሆን ነርስ።

«ጋሼ፣ ዛሬ አልምርዎትም። ቶሎ እገላግልዎታለሁ።»

«አንተ? ይልቅ ንግሥትህን ደብቅ!»

ከሰሌዳው ላይ ገና ምንም አልተበላም። ጋሽ ዓብዱልጀባር ፈረሳቸውን አወጡና ተራ የሚያሳልፈውን የጨዋታ ሰዓት ተጫኑ። ጳውሎስ አገጩን ይዞ ማሰብ ጀመረ። ዝምታው ረዘመባቸው፤ ተራው የሳቸው መሰላቸውና አንዲት ወታደር ገፉ።

«ጋሼ… ተራው እኮ የኔ ነው።»

ራኒያ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። ጋሽ ዓብዱልጀባር ሰሌዳውን አዩ። ፈረሱን መቼ እንዳወጡት ለማስታወስ ሞከሩ፤ ትዝ አላላቸውም። ቁልፉም ቤቱም ከእጃቸው ሲንሸራተት ታያቸውና፣ ሳቁ።

«አባቴ ደሴ ያስተማረኝ የጥንቱ ሰንጠረዥ ነዋ! እዚያ አንዱ ሌላውን እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል የለም፤ ሁለቱም እንዳሻቸው ይገፋሉ። እጄ ለምዶ ነው።»

«ታዲያ ይኼ ጨዋታ ነው ወረራ!» አለ ጳውሎስ፤ ወታደሯንም ራሱ ወደ ቦታዋ መለሰላቸው። ራኒያ ተመልሳ ተቀምጣ ሳቀች። «አባዬ፣ ይህን ነግረኸኝ አታውቅም!»

ከዚያ በኋላ ዓይናቸው ከሰዓቱ አልተነቀለም። የማን ተራ እንደሆነ ከሰዓቱ ያያሉ፣ ይረሳሉ፣ መልሰው ያያሉ። ተሸነፉ። ራኒያ ግን መኪና ማቆሚያው ጋ ጉንጫቸውን ስማ ቁልፉን ሰጠቻቸው። ብቻቸውን ነድተው ሲመለሱ የቤታቸው መታጠፊያ ጠፋባቸው።

ይህን ሁሉ ኋላ ለእኔ ለጸሐፊዋ ሲያወጉኝ፣ «ሁሉንም ጻፊው፤ ይህችን ብቻ ተዪልኝ» ያሉኝ አንድ ነገር ነበር። አባታቸው ሰንጠረዥ ተጫውተው አያውቁም።