የትኛው ጾም?
አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ባለ አንድ ክሊኒክ ደም የምትወስደው ሐበሻ ነርስ «ጾመህ ነው የመጣኸው?» አለችኝ። ሁዳዴ ነበርና «አንድ ቀን አልገደፍኩም» አልኳት። ምሳዬን ሽሮ በልቼ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ ጠጥቼ ነበር የሄድኩት።

በሦስተኛው ቀን ውጤቱ በስልኬ መጣ፤ ትራይግሊሰራይድ የሚሉት የደም ስብ 612። ከአምስት መቶ ሲያልፍ ቆሽትን ሊያሳብጥ እንደሚችል አነበብኩ። ፈርቼ ስደውልም ያነሳችው እሷው ነበረች።

«ምን በልተህ ነበር?»

«ሽሮ። የጾም ነው።»

ሳቀች። «የኔ ወንድም፣ ስለ ሆድህ እንጂ ስለ ነፍስህ መቼ ጠየቅኩህ? ለአሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ከውሃ በቀር ምንም ሳትቀምስ ተመለስ።»

ጥፋቱ የምሳው እንዲሆን እየተመኘሁ ተመለስኩ። ሁለተኛው ውጤት 538 ሆነ። ሽሮውና ሻዩ አመጡት ብል እንኳ ሰባ አራቱን ብቻ ነው። ለቀረው በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዝኩ።