ቅዳሜ ሰምቼ እሁድ ገመትኩ

ይህን እስካለፈው ሳምንት ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልተናገርኩም። ለጓደኞቼ አልተናገርኩም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም፤ አንድ ሁለቴ ልናገር ብዬ «ቶፕ ቴን ምን እንደሆነ ከማስረዳት ልጀምር ነው» ብዬ ተውኩት። እኔን የሚያውቅ ሰው ይህ ሰበብ እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል፤ ማስረዳት እወዳለሁና። የተውኩት አፍሬ ነው። አሁን ግን ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ አንባቢዎች፣ በቅደም ተከተል እናገራለሁ።

እኔ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ የማስተምር ወጣት መምህር ነኝ። ጥፋቱን የሠራሁት እዚሁ ሰፈር፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የበደልኳት ልጅ ሐያት ትባላለች።

መጀመሪያ ቶፕ ቴንን ላስረዳ። አድማጮች ሳምንቱን ሙሉ በስልክና በአጭር መልእክት ድምፅ ይሰጣሉ፤ የሬዲዮው አዘጋጅ ብዙ ድምፅ ያገኙትን አስር ዘፈኖች ከአስረኛው ወደ አንደኛው እየቆጠረ ያሰማል። ደስታው ያለው ቆጠራው ላይ ነው። ዘፈኖቹን ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል፤ የትኛው የትኛውን እንደበለጠ ግን እስኪነገር ድረስ ማንም አያውቅም። ማንም አያውቅም የምለው እኔን ሳልጨምር ነው።

የሰፈራችን ልጆች ይህን ዝግጅት የምንሰማው እሁድ ከሰዓት፣ በሐያት አባት በጋሽ ሸምሱ የልብስ ስፌት ቤት በር ላይ ነበር። ካሴት ዘመኑ እያለፈበት ቢሆንም ጋሽ ሸምሱ ሬዲዮ ያለው ትልቅ ቴፕ ነበራቸው። እኛም የራሳችን ሥርዓት ነበረን። ዝግጅቱ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዳችን የዘፈኖቹን ደረጃ ገምተን በቴፑ ማይክ እንናገራለን፤ ግምታችን ካሴት ላይ ይቀዳል። ከዚያ ሐያት ማዞሪያውን ወደ ሬዲዮ ትመልስና ዝግጅቱ ራሱ እዚያው ካሴት ላይ ይቀጥላል። ይህን ያደረግነው ለምን ነበር? ማንም ኋላ ተነሥቶ «እኔኮ እንዲህ ብዬ ነበር» እንዳይል ነው። ዳኛው ጋሽ ሸምሱ ነበሩ፤ ስፌታቸውን ሳያቆሙ ያዳምጡና ውጤት ይናገራሉ። ውሸት እንዳይገባበት የተሠራ ሥርዓት ነበር። እኔ ውሸቱን በዚያው በማይኩ በኩል አስገባሁት።

ሐያት ጆሮ ነበራት። ሚኒባስ ውስጥ የትኛው ዘፈን ተደጋግሞ እንደሚከፈት፣ ሰርግ ላይ የትኛው ሲመጣ ሰው ከወንበሩ እንደሚነሣ ታስተውላለች። «ይሄ ደክሞታል፣ ይወርዳል» ትላለች፤ ይወርዳል። ከአስሩ ስድስት ወይም ሰባት ታገኝ ነበር። እኔ ሦስት ካገኘሁ ሰፈሩን እዞረው ነበር።

አክስቴ ጦር ኃይሎች አካባቢ ፀጉር ቤት ነበራት። ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ወደ እርሷ ትልከኛለች። አንድ ቅዳሜ የፀጉር ቤቱ ሬዲዮ ቶፕ ቴኑን ሲቆጥር ሰማሁ። በማግስቱ በጋሽ ሸምሱ በር ላይ ያንኑ ቆጠራ፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ አዘጋጁም እዚያው ቦታ ላይ ሲስቅ ሰማሁ። የእሁዱ ድጋሚ ነበር። ሰፈሩ ይህን እንዴት ሳያውቅ ቀረ? ሰፈራችን የነጋዴ ሰፈር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሐያትም ሌሎቹም ኮልፌ ገበያ ናቸው፤ ከወላጆቻቸው ጎን ቆመው ዕቃ ይጠብቃሉ፣ ደንበኛ ይጠራሉ። ቅዳሜ ሥራ የሌለበት የቢሮ ሠራተኛ ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። እነሱ ሲሠሩ እኔ ሰማሁ። እነሱ ስለሠሩ አሸነፍኳቸው።

እኔ ቅዳሜ ሰምቼ እሁድ ገመትኩ። በሚቀጥለውም ሳምንት ቅዳሜ ሰምቼ እሁድ ገመትኩ። ስም ወጣልኝ።

«ጠንቋዩ መጣ፣ ቦታ ልቀቁለት» ይላሉ ልጆቹ።

«ናቲ፣ እንዴት ነው የምታውቀው ግን?» አለችኝ ሐያት አንድ ቀን። አልጠረጠረችኝም፤ ልትማር ነበር የጠየቀችኝ።

«እኔ እንጃ፣ ዝም ብሎ ይመጣልኛል» አልኳት።

እንዳይነቃብኝ ሆን ብዬ ሁለት ሦስቱን እስት ነበር። «ቆይ ቆይ፣ ላስብ» እያልኩ ግንባሬን አሽ ነበር። አንድ ልጅ ከየት አምጥቶ ነው ይህን የሚችለው? ማን አስተማረኝ? ማንም አላስተማረኝም። ራሴ ፈልስፌ፣ ራሴ አሻሻልኩት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጨዋታ ነው ልትሉልኝ ትችላላችሁ። አላበቃም። የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ የሙዚቃ አቅራቢ ያስፈልገው ነበር። ሚኒ ሚዲያ ማለት ተማሪዎች በሰልፍና በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ የሚያሰራጩት የትምህርት ቤቱ ሬዲዮ ነው። ሐያት ያንን ቦታ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ስትመኘው ነበር። በቤታቸው መቀስ እንደ ማይክ ይዛ ዜና ስታነብ ጋሽ ሸምሱ «መቀሴን መልሺ፣ ጋዜጠኛዋ» ሲሏት ሰምቻለሁ። የክበቡ ኃላፊ የነበሩት መምህር ስለ እሁዱ ግምት ሰምተው ኖሮ ሁለታችንን ጠሩን። «ሙዚቃ የሚያውቀው ያቅርብ። በመጪው እሁድ ብዙ ያገኘ ማይኩን ይወስዳል፤ ካሴቱን ሰኞ አምጡልኝ» አሉን።

ያን ቅዳሜ እናቴ ሳትልከኝ ሄድኩ። አክስቴ «ምነው ዛሬ ማለዳ?» ስትለኝ «ናፍቀሽኝ ነው» አልኳት። እሁድ ሐያት ሰባት አገኘች። እኔ አስሩንም አገኘሁ። ያን ቀን ሆን ብዬ አልሳትኩም፤ ሙሉውን ፈለግሁት። ልጆቹ ትከሻቸው ላይ አወጡኝ። ሐያት ካሴቱን አውጥታ፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠችኝ። «ይገባሃል» አለችኝ።

ሰኞ መምህሩ ግምታችንንና ቆጠራውን ብቻ ሰምተው ካሴቱን ለሐያት መለሱላት፤ ማይኩ የእኔ ሆነ። ድምፄ ከግቢው ወጥቶ ወደ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም የሚሄድ መሰለኝ። ዓመቱን ሙሉ ተናገርኩ። ሰው ፊት መቆም ለመድኩ፣ ማስረዳት ወደድኩ፣ ኋላም መምህር ሆንኩ። ሐያት ሚኒ ሚዲያ ክፍል ደጃፍ ዳግም አልመጣችም። ዛሬ የአባቷን ሱቅ መጋረጃ ቤት አድርጋ በደንብ ትሠራለች። ጋዜጠኛ ያልሆነችው በእኔ ምክንያት ነው አልልም። አይደለም ለማለትስ ምን መብት አለኝ?

አሁን ሚኒ ሚዲያውን የምመራው እኔ ነኝ። ዘንድሮ ተማሪዎቼ በእረፍት ሰዓት የድሮ ቶፕ ቴኖችን መልሶ የሚያሰማ ዝግጅት እንጀምር አሉ። እነሱ የፈለጉትን ዘፈን በፈለጉበት ደቂቃ ስልካቸው ላይ ያገኛሉ፤ አንደኛውን ለመስማት ዘጠኙን መጠበቅ አዲስ ነገር ሆነባቸው። ካሴቶቹን ከሐያት ለመንኩ፤ በፌስታል ሞልታ ሰጠችኝ። ሜሮን የምትባል ጎበዝ ተማሪዬ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ገለበጠቻቸው።

ባለፈው ዓርብ አብረን ስናዳምጥ ያ ካሴት መጣ። የሐያት ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ የእኔ፣ «ቆይ ቆይ፣ ላስብ» የሚለው። ከዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ፣ ከዚያ አንዲት ተረጋግታ የምትናገር ሴት፦ «አድማጮቻችን፣ ትናንት ጠዋት ያስተላለፍነውን ዝግጅት በድጋሚ እናቀርባለን።» ይህ በየእሁዱ ይነገር ነበር ማለት ነው። በዚያች ደቂቃ እኛ በግምታችን ስንጨቃጨቅ፣ በሩ ላይ ማንም ማንንም አይሰማም ነበር። ቴፑ ግን ሬዲዮውን በውስጥ ሽቦ ስለሚቀዳ ጫጫታችንን ትቶ እሷን ብቻ ወስዷል።

«ቲቸር፣ ይቺ መግቢያ ታሰለቻለች፤ ልቁረጣት?» አለችኝ ሜሮን።

በእኔና በእውነቱ መካከል የአንዲት ልጅ ጣት ብቻ ነበረች። ዝግጅቱ ሰኞ ሊተላለፍ ነው፤ ሐያትንም እንግዳ አድርገን ጠርተናታል። «ቁረጪያት» ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። «ተያት፣ ትቆይ» አልኳት። ቆጠራው ቀጠለ፤ አስረኛ፣ ዘጠነኛ፣ ስምንተኛ፣ ሁሉም እኔ እንዳልኩት። አንድ የሚያሳፍር ነገር ልጨምር፦ እያንዳንዱ ሲገጥም ደስ አለኝ። ያን ሁሉ እያወቅሁ ጠረጴዛው ሥር እጄን ጨበጥኩ። ይህ ምን ዓይነት ልብ ነው?

ቅዳሜ ወደ ሐያት ሱቅ ሄድኩ። መሰላል ላይ ቆማ የመጋረጃ ናሙና ትሰቅላለች። ጋሽ ሸምሱ ጥግ ላይ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ሐያት፣ የምነግርሽ ነገር አለኝ» አልኳት።

«ልታገባ ነው? ቅናሽ የለም፣ ከአሁኑ ልንገርህ።»

ስልኬን አውጥቼ ከፈትኩላት። መጀመሪያ በራሷ የልጅነት ድምፅ ሳቀች። ሴትዮዋ «ትናንት ጠዋት» ስትል ግን ሳቋ ቆመ። እኔም ነገርኳት። የአክስቴን ፀጉር ቤት፣ ቅዳሜዎቹን፣ ሆን ብዬ የሳትኳቸውን፣ «ናፍቀሽኝ ነው» ያልኩትን፣ ሁሉንም። ከመሰላሉ ወርዳ ስልኬን ከእጄ ወሰደችና መልሳ ከፈተችው። ደግማ ከፈተችው።

«ይህን ካሴት ከዚያ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም» አለች ቀስ ብላ። «ሌሎቹን ሺህ ጊዜ ሰምቻለሁ። ዘፈኑ ጋ አልፌ ነው የምሰማው። ይሄን ግን፣ ጆሮ የለሽም የሚለኝ ይመስለኝ ነበር።»

«ጆሮማ ነበረሽ።»

«አንተ ዝም በል።» ጥቂት አሰበችና ወደ አባቷ ዞረች። «አባ፣ ሰሙ? ሰባት አግኝቻለሁ። በራሴ ጆሮ፣ ገበያ ውዬ፣ ሰባት።»

«ሰምቻለሁ» አሉ ጋሽ ሸምሱ። ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ለዚያ ሰኞ ሱሪህን በነፃ አሳጥሬልህ ነበር፣ አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

«አምጣና ላስረዝመው።»

ሐያት ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቅ ከእሷ ሰምቼ አላውቅም፤ ጎረቤቷ የጫማ ሻጯ በሩ ላይ መጥታ «ምን ተገኘ?» አለች። «አሸንፌ ነበርኮ» አለቻት ሐያት፣ «ስምንተኛ ክፍል እያለሁ አሸንፌ ነበር፤ አሁን ነው የተነገረኝ።» ሴትዮዋ ነገሩ ባይገባትም እንኳን ደስ ያለሽ ብላ ሳመቻት።

ይቅርታ ጠየቅኳት። «እሱን አስብበታለሁ» አለችኝ። «አሁን ደስታዬን አታበላሽብኝ። ሰኞ ግን ሳትቆርጡ አሰሙት፤ ውጤቱንም ከአፍህ ልስማ።»

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ግቢው ሙሉ ነበር። ካሴቱን ሳንቆርጥ አሰማን። ከዚያ ማይኩን ይዤ፣ በተማሪዎቼና በባልደረቦቼ ፊት፣ ምን እንዳደረግሁ ተናገርኩ። እኔ ቅዳሜ ሰምቼ እሁድ ገመትኩ አልኩ። ከኋላ አንዱ «ቲቸር ኮርጀዋል» አለ፤ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቅሁ። እውነቱን ነው፤ ስንቱን ተማሪ በኩረጃ ወላጅ አስጠርቻለሁ? ቀጥዬ አሸናፊዋን ጠራሁ። ያ ሁሉ ልጅ የማያውቃትን ሴት ስሟን እየጠራ አጨበጨበ፤ ሐያትም የሥራ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ መጥታ ኖሮ፣ አገጯን ቀና አድርጋ በመካከላቸው አለፈች። ማይኩን ሰጠኋት። «ጤና ይስጥልኝ አድማጮች» አለች፤ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እንዴት እንደምትገምት ነገረቻቸው፤ ስለ ሚኒባሱና ስለ ሰርጉ፤ ልጆቹም የእረፍቱ ማብቂያ ደወል እስኪደወል በጥያቄ አልለቀቋትም። ደወሉ ሲደወል አንዷ «በሚቀጥለው ሰኞስ ይመጣሉ?» አለቻት። «ሱቄን ማን ይከፍትልኛል?» አለች ሐያት፣ ወደ እኔም ሳታይ፣ «እሺ፣ እመጣለሁ።»

እኔ ደስ ብሎኛል። ጥፋተኛ ሰው እንዲህ ሊደሰት ይገባዋል? አይመስለኝም፤ ግን ደብቄ አልነግራችሁም። ልጅ ነበርኩ ብዬም አላመካኝም፤ ያን ካሴት ያጸዳችውም ልጅ ነበረች። እናንተን ይቅርታ አልለምንም፤ ይቅርታው የሐያት ነው፣ እሷም ገና እያሰበችበት ነው። እናንተ ውጤቱን ብቻ አስተካክላችሁ ያዙልኝ፤ ሐያት ሰባት፣ እኔ ዜሮ።