ሲያዩት የማይተኛው ሳጥን

አገር ቤት ጦርነቱ በተፋፋመበት ሰሞን እኔ ሐርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ኤሌክትሮኒክስ እየጠገንኩ እኖር ነበር። የሰሜኑ ስልክ ተቆርጦ ስለነበር አበሾች ስንገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የምንነጋገረው ስለዚያው ነበር። ሥራ ግን ሥራ ነው፤ አንድ ቀን አንዲት ጠና ያሉ ሱማሌ ሴት ሱቄ መጡ። ሰፈሩ ሁሉ «ኢዶ» ይላቸዋል፤ አክስቴ እንደማለት ነው። ጣሪያቸው ላይ ያለው የውሃ ታንከር ሲጎድል ሞተሩ በራሱ እንዲነሣ፣ ሲሞላ ደግሞ በራሱ እንዲቆም አድርግልኝ አሉኝ።

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲነግሩኝ እንቅልፍ አጣለሁ። ሁለት ሳጥን ሠራሁላቸው፤ አንዱ ታች ሞተሩ ጋ፣ አንዱ ላይ ታንከሩ ጎን። የታችኛው በየጊዜው «ውሃው ምን ያህል ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ የላይኛው ይመልሳል። የሚነጋገሩት በሽቦ ነው፤ ፊደል በፊደል፣ ተራ በተራ፣ እኛ ሲሪያል በምንለው መንገድ። የላይኛው በባትሪ ስለሚሠራ ጥያቄ እስኪመጣለት እንዲተኛ አደረግኩት። ባትሪ ለመቆጠብ ብዬ ንግግራቸውንም አሳጠርኩት፤ ሰላምታ የለ፣ ዙሪያ ጥምጥም የለ፣ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ታንከሩ ይፈስ ጀመር። የታችኛው ሳጥን ጠይቆ መልስ ሲያጣ «በቃ ባዶ ነው» ብሎ ሞተሩን ያስነሣል፤ ሙሉ የነበረው ታንከር ይገነፍልና ውሃው በጣሪያው ላይ ወርዶ ግቢውን ያጥለቀልቃል። የሰፈሩ ፍየሎች ወሬው ደርሷቸው በር ላይ መጠበቅ ጀመሩ። በቦቴ የሚገዛ ውሃ ለፍየል ሲፈስ ያዩት ኢዶ ግን አልሳቁም። ጥፋተኛም አላጡም፤ የቤት ሠራተኛቸው ናት አሉ።

ልጅቷ ወሎዬ ናት። በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ።

«ወላሂ ወንድም ጋሼ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን በእጄ አልነካሁትም። እስከ ሐሙስ ካልተስተካከለ ውጪልኝ ብለውኛል።»

ወዴት እንደምትወጣ አልጠየቅኳትም። የወሎ መንገድ በዚያ ሰሞን ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ላፕቶፔን ተሸክሜ ጣሪያ ወጣሁ። ኬብሉን የላይኛው ሳጥን ላይ ሰክቼ አየሁ፤ የታችኛው ሲጠይቀው ይመልሳል፣ ደግሞ ሲጠይቀው ይመልሳል። እንከን የለበትም። ኢዶ ከታች ሆነው አንጋጠው «አየህ? ዕቃው ደህና ነው፤ ልጅቷ ናት!» አሉኝ። ኬብሌን ነቅዬ በሄድኩ በማግስቱ ግቢው ጭቃ ሆነ። ሽቦ ቀየርኩ፣ ባትሪ ቀየርኩ፤ እኔ እያለሁ ጨዋ ነው፣ ዘወር ስል ይፈሳል። ፎርማን ሲመጣ ብቻ አካፋ የሚያነሣ የቀን ሠራተኛ ሆነብኝ። ይባስ ብሎ በመጣሁና ደህና በሆነ ቁጥር የምትወነጀለው ልጅቷ ነበረች። ለማዳን የምሮጠው እኔ ምስክር ሆኜባት አረፍኩት።

ረቡዕ ዕለት ጣሪያው ላይ ጭንቅላቴን ይዤ ተቀምጬ ድንገት ትዝ አለኝ፤ ላፕቶፕ ሲሰካበት እንዳይተኛ ብዬ ያዘዝኩት እኔው ነኝ! ስመረምረው የኖርኩት ነቅቶ የሚጠብቀኝን ሳጥን ነበር። ኬብሉን ነቅዬ ወረድኩና ልጅቷን አጠገቤ አስቀምጬ ጠበቅኩ። ታንከሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሞተሩ ማንም ሳይነካው ተነሣ።

እዚህ ላይ ቢገርማችሁ፣ ተንደርድሬ አጠፋሁት። ሐርጌሳ የኖረ ሰው ውሃ ሲፈስ ቆሞ አያይም፤ እጁ ከአእምሮው ይቀድማል። ማስረጃዬን በገዛ እጄ ካጠፋሁ በኋላ ነው ወደ ኢዶ የሮጥኩት። ከምሳ በኋላ ምንጣፋቸው ላይ ጋደም ብለው ተኝተዋል።

«ሞተሩ በራሱ ተነሣ! ልጅቷ እኔ ጋ ነበረች!»

አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «ምን?»

ደገምኩላቸው። ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ ጣሉ። ጸጥ ብሏል። ተቆጡኝ።

«አንተ ሰው፣ አሳዳጊ የለህም? የተኛ ሰው ላይ ነገር ይደፋል? መጀመሪያ ‹ነባድ› ተብሎ ሰላም ይባላል፣ እስኪነቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ ነው ነገር!»

ነገሩ ያኔ በራልኝ። የእኔ የላይኛው ሳጥንም የተኛ ነበር፤ የመጀመሪያዋ ፊደል ስትደርሰው ይነቃል እንጂ አይሰማትም። ዓይኑን ሲያሻሽ ጥያቄው ራስ የሌለው ሆኖ ይደርሰዋል። «ይሄ ለእኔ አይደለም» ብሎ ተመልሶ ይተኛል። ሮጥኩና ፕሮግራሙን አስተካከልኩ፤ አንዲት ትርጉም የሌላት ፊደል አስቀድሜ፣ ጥቂት ፋታ ሰጥቼ፣ ጥያቄውን አስከተልኩ። ነባድ አስባልኩት ማለት ነው።

ሐሙስ ኢዶ ግቢው መሐል ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ። ልጅቷን እጆቿን ጭኗ ላይ አስደርገው ፊታቸው አስቀመጧት። እኔ ላፕቶፔን በር ላይ ትቼ እንድገባ ታዘዝኩ። የታችኛው ሳጥን መብራት ብልጭ አለች፤ ጠየቀ ማለት ነው። ሞተሩ ዝም። ደግሞ ብልጭ አለች፣ ዝም። ቧንቧ ከፍተን የልብስ ማጠቢያ ሳፋዎቹን ሁሉ ሞላን፤ ታንከሩ ጎደለ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ ሞላና ቆመ። ኢዶ ሞተሩን አዩ፣ ቀጥለው የልጅቷን እጆች አዩ። ይቅርታ አልወጣቸውም። «ሂጂ፣ ሻይ አፍዪለት» ብቻ አሉ።

ወደ ጓዳ ስትገባ ብርጭቆ ላቀብላት ተከተልኳት። ጥግ ላይ ሻንጣዋ በገመድ ታስሮ ቆሟል። ሻዩን ጥዳ ገመዱን መፍታት ጀመረች።

«ወዴት ልትሄጂ ነበር?» አልኳት።

«እናቴ ጋ እሄዳለሁ ብያቸው ነበር።»

«ወሬዋን ሰማሽ እንዴ?»

«አልሰማሁም፤ በሕይወት መኖሯንም አላውቅ» አለች፣ ልብሷን ከሻንጣው እያወጣች። «ግን ወንድም ጋሼ፣ ውጪልኝ ላለ ሰው መሄጃ የለኝም ተብሎ ይነገራል?»