ቆሞ የሰማ አዳራሽ

አይናለም በሥራ ቀን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሒሳብ ታስተምራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ «ውርጭ» በሚባል ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር እየመታች ትዘፍናለች። ሊድ ጊታሩን ተስፋዓለም፣ ድራሙን አማረ ይጫወታሉ። ባንዱ የሮክ ባንድ ነው። ከተማው ይህን ካወቀ ቆይቷል፤ ግን ጉዳዬ ብሎት አያውቅም።

የሚጫወቱት በወይዘሮ ሙሉዬ ምግብ ቤት ጓሮ ባለች አዳራሽ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሴትዮዋ ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ።

«ባለፈው ግጥም ሲሰጡሽ አልቀበልም ብለሽ እንግዶቼን አስቀየምሽብኝ። ዛሬም ሰው ተነሥቶ ከወጣ በእናንተ ቦታ ባለኦርጋን አመጣለሁ።»

ሌላ የሚያስገባቸው ቤት አልነበረም። እንግዳ «ተቀበይ» ብሎ ግጥም ከሰጠ ዘፋኝ ተቀብሎ ያዜማል፤ እምቢ ማለት ሰውን በአደባባይ ማዋረድ ነው። አይናለም ግን ከራሷ ቃል በቀር የማንንም ላትዘፍን ምላለች። ግትር ናት፤ ግትርነቷንም ትወደዋለች።

አዳራሹን የሞሉት ከሠርግ ወደ አገራቸው ወደ አምበር የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ። ጊታሩ ሲጮህ ፊታቸውን አጨማደዱ። አይናለም ከቤት ወጥቶ ድምፁ ለጠፋው ወንድሟ ለአብይ የጻፈችውን ዘፈን ስትጀምር፣ አንዳንዶቹ ሊወጡ ነጠላቸውን ማጣፋት ያዙ። ወይዘሮ ሙሉዬ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ።

በዚህ መሀል እንዳላማው የሚባሉ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ተቀበይ ልጄ!

ማረሻው ከቤት ነው፣ በሬው ከበረቱ፤
ልጁ ከተማ ነው፣ ጦም አድሯል መሬቱ።»

አማረ ድራሙን አቆመ። ሁሉም እሷን አየ። መሐላዋን ማፍረስም አዳራሹን ማጣትም እኩል ከበዳት።

«እቀበላለሁ አባባ፤» አለች በመጨረሻ፣ «ግን እርስዎም የእኔን ይቀበሉኝ።»

እንዲህ ያለ ነገር ማንም ሰምቶ አያውቅም። ሽማግሌው አሰብ አድርገው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። እሷ የእሳቸውን በጊታሩ ጩኸት ላይ አዜመችው፤ ከዚያ ማይኩን ይዛ ከመድረኩ ወረደችና ከአብይ ዘፈን የራሷን ስንኝ ሰጠቻቸው።

«ስልክህ ይጠራል፣» አሉ አቶ እንዳላማው ተቀብለው፣ «አንተ ግን የለህም።» ሁለተኛውን ሐረግ ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ።

ዘፈኑ ቀጠለ። የተቀበሉትን መሀል ላይ ጥለው መቀመጥ ነውር መስሏቸው ሽማግሌው እንደቆሙ ቀሩ። እሳቸው ቆመው መቀመጥን ታናናሾቻቸው አልደፈሩም፤ አንድ በአንድ ተነሡ። ጥሎ መውጣትማ ጭራሽ አይታሰብም። «ውርጭ» ቆሞ የሚሰማው ሰው ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር። አይናለም ለእሷ እንዳልቆሙ ታውቃለች፤ ቢሆንም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ዘፈነችላቸው።

የመጨረሻው ድምፅ አለቀ።

«ጨረስሽ ልጄ?» አሉ አቶ እንዳላማው። «ጉልበቴ ከዳኝ እኮ።»

«ጨረስኩ አባባ።»

ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ሌላውም ተከትሎ ተቀመጠ። ነጠላዋን አጣፍታ የነበረችው ሴት መልሳ ፈታችው።

«እንግዲያስ ሌላ ካለሽ አምጪ፤» አሉ ሽማግሌው ዱላቸውን ጭናቸው ላይ እያጋደሙ። «አሁን ቁጭ ብለን እንሰማለን።»