በማንኩሳ በቆሎ መካከል የያዝኩት ኮምፓስ

ባለፈው ሰኞ ርእሰ መምህራችን ቢሮ አስጠሩኝና አንድ ወረቀት ሰጡኝ። የተማሪዎች ክበብ በካርታና በኮምፓስ አቅጣጫ እየፈለጉ የመሮጥ ውድድር ሊጀምር ነው። ወረቀቱ ላይ የስድስት ዓይነት ኮምፓስ ሥዕል ተደርድሯል። «አንተ ታውቅበታለህ፤ ምረጥልን» አሉኝ።

ወረቀቱን ይዤ ባዶ መማሪያ ክፍል ገብቼ ተቀመጥኩ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ባልደረቦቼ ገና ወጣት ነህ ይሉኛል። ማስረዳት እወዳለሁ፤ የጠመኔ ብናኝ ከእጄ ሳይለቅ ዓመቱ ያልቃል። ኮምፓስ እንዴት እንደሚመረጥ ሲጠይቁኝ ግን ወሬ እቀይራለሁ። ምክንያቱን ከመጀመሪያው ልናገር።

ፍኖተ ሰላም ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት መልካሙ የሚባል የስፖርት መምህር ጓደኛ ነበረኝ። እኛ ትምህርት ቤት የሚሠራው በጊዜያዊነት ነበር። ዋናው ምድቡ ከቡሬ ወደ ቆላው ወርዶ፣ መኪና ከሚቆምበት አራት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ትምህርት ቤት ነው። ባለቤቱ ሰብለ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ነርስ ነበረች፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን ከወለደች ገና ሁለት ወሯ። በዚያ መኸር ለአካባቢው መምህራን የካርታና የኮምፓስ ውድድር ተዘጋጀ። ሰው የሚወዳደረው በጥንድ ሲሆን፣ ያሸነፉት ሁለቱ የተማሪዎች አሠልጣኝ ሆነው ፍኖተ ሰላም ይመደባሉ ተባለ። የእኔ ምድብ ድሮም እዚያው ስለነበር ለእኔ ጨዋታ ነበር። ለመልካሙ ግን ወይ ከልጁ ጋር መኖር፣ ወይ ቆላ መውረድ ነበር።

ሥራ ተከፋፈልን። ልምምዱን እሱ ይመራል፤ ካርታና ኮምፓስ የእኔ ናቸው። ደንቡ ለአንድ ጥንድ አንድ ኮምፓስ ብቻ ይፈቅዳል፤ እኛ ደግሞ ሁለት ነበሩን። አንዷን መልካሙ ቡሬ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ያገኛት ናት። የክብሪት ቤት የምታክል፣ ቀለሟ የወየበ ፕላስቲክ፣ መርፌዋ እንደ ቅጠል የምትርገበገብ። ሁለተኛውን አጎቴ ከሚኖርበት ከሰሜን አውሮፓ ልኮልኝ ነበር። መስታወት ያለው ክዳን፣ ጠርዙ ላይ ማስመሪያ፣ መርፌዋ እንዳትንቀጠቀጥ ውስጡ ፈሳሽ የተሞላ።

እኔም እንደ ልማዴ ደብተር ላይ ሠንጠረዥ አሰመርኩ። ጥንካሬ፣ ማስመሪያ፣ የቁጥሮቹ ግልጽነት፣ መስታወት፣ የመርፌዋ እርጋታ። የአጎቴ በሁሉም አሸነፈ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሠንጠረዡን ዘርግቼ ሻይ የሚጠጣውን ሁሉ ሳስረዳ መልካሙ ከዳር ቆሞ ያዳምጠኝ ነበር።

«እኔ የምለው» አለ በመጨረሻ፣ «የቡሬዋን ብንይዝስ? ለምጃታለሁ።»

«እሷ መጫወቻ ናት፤ ተወኝ እባክህ!»

«መጫወቻም ብትሆን ሰሜንን ታውቀዋለች።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሠንጠረዡን ግን አላጠፍኩም።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ብቻዬን የትምህርት ቤቱ ሜዳ ወጣሁ። ኮምፓሱን መዳፌ ላይ አስተካክዬ ያዝኩና ዞር አልኩ። መርፌዋ ወደ ሰሜን አልተመለሰችም፤ ካለችበት ቁጥር ላይ እንደተጣበቀች አብራኝ ዞረች። እጄን ትንሽ ዘንበል ሳደርግ ነቃ ብላ ዞረች። ደግሜ አስተካክዬ ያዝኩት፤ ደግማ ቆመች። የቡሬዋ ከመልካሙ ዘንድ ናት፤ ቤቱም የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ሄጄ «ተሳስቻለሁ፤ ያንተን እንያዝ» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ፤ ለዚያ ሁሉ ሰው አስረድቼ! አያያዜ ነው ያልተስተካከለው ብዬ ራሴን አሳመንኩና ክዳኑን ዘጋሁት።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከማንኩሳ ዳርቻ ተነሣን። ሰብለ በማር የተለወሰ በሶ በፌስታል ቋጥራልን ነበር። ወሩ ጥቅምት ነው። ኑጉ ቢጫ ለብሷል፣ የበርበሬው ማሳ ቀልቷል፣ በቆሎው ደርቆ ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል። የተሰጠንን ካርታ ተከትለን ሰባት ባንዲራ ማግኘት፣ ከዚያ ፍኖተ ሰላም መግባት ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ባንዲራዎች ግጦሽ ሜዳ ላይ ስለነበሩ ኮምፓስ እምብዛም አላስፈለገንም። አራተኛው ጋ ስንደርስ ከፊታችን ማንም አልነበረም።

አምስተኛው ከበቆሎው ወዲያ ነው። በማሳዎቹ ድንበር እየታጠፍን ገባን። ቅጠሉ ፊት ይቧጭራል፣ አቧራው ጉሮሮ ይይዛል፤ ከራስ በላይ ካለው ሰማይ በቀር የሚታይ ነገር የለም። እኔ ኮምፓሱን ደረቴ ላይ ይዤ ከፊት ነኝ።

«ፀሐይዋ ጀርባዬን እየጠበሰችኝ ነው» አለ መልካሙ። «ቀኝ ጉንጫችን ላይ መሆን አልነበረባትም?»

«መርፌዋ ትክክል ናት።»

ጥቂት ሄደን ደገመው። በሦስተኛው «አንተ ሰውዬ፣ ፀሐይ እኮ አትዋሽም!» አለኝ።

«መሪው ማነው?» አልኩት።

ከኋላዬ መከተሉን ቀጠለ። ኮቴው እስከዛሬ ይሰማኛል።

ከበቆሎው ስንወጣ አንድ ሽማግሌ በርበሬ ይለቅማሉ። አቅጣጫ መጠየቅ በደንቡ ክልክል ነው፤ ሰላም ሳይሉ ማለፍ ደግሞ በአገሩ ነውር ነው። ቆምን።

«እንዴት አደራችሁ ልጆቼ? ማን እያባረራችሁ ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አባቴ፤ እንዴት አደሩ? ውድድር ላይ ነን» አለ መልካሙ እያለከለከ።

«ወዴት ነው ውድድሩ?»

«ወደ ፍኖተ ሰላም ነው።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩን። «ፍኖተ ሰላም? እሷንማ ጀርባ ሰጥታችኋት! ቡሬ ልትገቡ ነው እኮ።» ከዚያ ደረቴ ላይ ያለውን በአገጫቸው ጠቆሙ። «ያ ሰዓት ነው?»

«አይደለም አባቴ፤ አቅጣጫ የሚጠቁም ነው» አልኩ።

«አሃ! ታዲያ ለማን ነው የሚጠቁመው?»

መልካሙ አልሳቀም። እጁን ዘረጋና ኮምፓሱን ከአንገቴ አወጣው። ዘንበል አደረገው፤ መርፌዋ ከተኛችበት ተነሥታ ግማሽ ዙር ዞረች። መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሽማግሌው ደንግጠው «ጠላ ላምጣላችሁ? ደክሟችኋል» አሉ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ፣ ሳነብ ነው። የምድር መግነጢስ በሰሜን አገሮች የመርፌዋን ሰሜናዊ ጫፍ ወደ ታች ይስበዋል። ስለዚህ ለዚያ አገር የሚሠሩት ኮምፓሶች ሚዛን እንዲጠብቁ ሌላው ጫፋቸው ከበድ ይደረጋል። እኛ ዘንድ ያ ስበት የለም ማለት ይቻላል፤ የከበደው ጫፍ ይዘቅጥና ወለሉን ይነካል። መርፌዋ ተጣብቃ ስለነበር እኔ ስዞር አብራኝ ትዞራለች፤ በተሳሳትኩ ቁጥር ትክክል ነህ ትለኛለች። የተሠራው ለየትኛው አገር ነው የሚል ረድፍ ሠንጠረዤ ላይ አልነበረም።

ወደኋላ ተመልሰን በፀሐይ እየተመራን ጨረስን። ፍኖተ ሰላም ስንገባ ሦስተኛ ነን። እግሬ እንደ እንጨት ደርቋል፤ በሶው ፌስታሉ ውስጥ ፈርሷል። ከአዘጋጆቹ አንዱ «ቀድማችሁ አልነበር እንዴ? ምን ገጠማችሁ?» ሲለን ማስረዳት የምወደው እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር መፍታት ጀመርኩ። መልካሙ «በቆሎው ነው፤ ሰው አያሳይም» አለ።

በሳምንቱ ፍራሹን ጠቅልሎ ወረደ። እስከ ቡሬ ሸኘሁት። ስንነሣ ሰብለ ሕፃኗን አቅፋ የፍኖተ ሰላም መናኸሪያ በር ላይ ቆማ ነበር፤ የሕፃኗን እጅ ይዛ እያወዛወዘች ስታሰናብተው እኔ ሻንጣውን ለመጫን የተጠመድኩ መሰልኩ። ሦስት ዓመት ቆላ ኖረ። ልጁ ስትቆም አላየም፣ ስትራመድ አላየም፤ በወር አንዴ ሲመጣ እንግዳ ነው ብላ ታለቅስበት ነበር።

አሁን ተመልሶ ፍኖተ ሰላም ያስተምራል። ልጅቱ አምስተኛ ክፍል ደርሳለች። በበዓል ቤታቸው እጠራለሁ፤ በመስቀል ዕለትም ሄጄ ነበር። ምሳ እየበላን ስንጫወት ሰብለ የቆላውን ዘመን አነሣችና «ይገርማል እኮ፣ ያ ኮምፓስ ባይበላሽባችሁ ኖሮ!» አለች።

«አዎ፤ ተበላሸብን» አልኩ።

መልካሙ ቀና ብሎ አየኝና እንጀራ ጨመረልኝ።

የመግነጢሱን ነገር ለስንት ክፍል ተማሪ አስረድቻለሁ፤ ሥዕል ሠርቼ፣ መርፌ በክር አንጠልጥዬ። አልተበላሸም ነበር፣ በዋዜማው አይቼው ዝም አልኩ ለማለት ግን ሥዕልም ክርም አያስፈልግም። በየዓመቱ እዚያ ቤት ስገባ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። በየዓመቱም ጠግቤ፣ ተመርቄ፣ ልጅቱ እስከ በር ሸኝታኝ እወጣለሁ። የሩጫው ድካም በሦስት ቀን ለቅቆኝ ነበር፤ ይህኛው ግን እስከዛሬ አለ።