ገባኝ ያልኩባቸው አምስት እሁዶች

ደፍሬ መጻፌን ይቅር በሉኝ። ትምህርት ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው፤ ስጽፍ ፊደል ይጠፋብኛል። የኮሚዩኒቲያችንን መጽሔት የምታዘጋጀው ሐምራዊት "ስለምታውቀው ሰው ጻፍ" ስትለኝ እኔ ማንን አውቃለሁ ብያት ነበር። ያበላሸሁትን እሷ ታቃናልኛለች።

የማውቀው ጋሼ ዓባይነህን ነው። ዋይትሆል በምትባል የአሜሪካ ከተማ አፓርትመንት ተጋርተን እንኖራለን። አገር ቤት ኮሌጅ ውስጥ የኢኮኖሚክስ ሂሳብ ያስተምሩ ነበር፤ በዲቪ መጥተው እዚህ ዌርሃውስ፣ መጋዘን ውስጥ ማለት ነው፣ ካርቶን ያሽጋሉ። እሳቸው ጠዋት፣ ትራክ የምጭነው እኔ ከሰዓት ስለምንገባ ብዙም አንገናኝም። ቤት መኖራቸውን የማውቀው በር ላይ ባለው ጫማቸው ነው። ኮሮና ከመጣ ወዲህ ደግሞ ስንተላለፍም ማስክ አድርገን፣ ግድግዳ ይዘን ሆነ።

እሁድ እሁድ ግን ከክፍላቸው ድምፅ እሰማለሁ። ከልጆቻቸው ጋር በስልክ የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። በ2021 አንድ እሁድ በሩ ገርበብ ብሎ አየሁ። የቁም ሳጥኑን መስታወት በማርከር ሞልተው ጽፈውበት፣ ከጽሑፉ ኋላ የራሳቸውን ፊት እያዩ ያስተምራሉ። ሌላ ሰው አልነበረም።

"አንዋር፣ አበደ አልክ አይደል?"

"ኧረ በጭራሽ፣ ጋሼ።"

"አንድ ኮሌጅ ለማስተማር አመልክቼ ደወሉልኝ። በዙም ሃያ ደቂቃ አስተምረን አሉ። ይሄ ካመለጠኝ በዚህ ዕድሜዬ ሌላ አላገኝም። እስቲ ቁጭ በልና ተማሪ ሁነኝ።"

ወንበር አምጥቼ ተቀመጥኩ። ትምህርቱ እንዲህ ነበር፦ አንድ ገበሬ ጎተራ ሙሉ እህል አለው። ብዙ ከበላ የሚዘራው ያንሳል፤ ብዙ ከዘራ ዛሬ ይርበዋል። በየዓመቱ ስንት ይብላ፣ ስንት ይዝራ?

"ከመጨረሻው ዓመት እንነሳለን" አሉ። "ያን ዓመት ለማን ብሎ ይዘራል? ሁሉን ይበላል። ከዚያ ከሱ በፊት ያለውን ዓመት እናሰላለን፤ እንዲያ እያልን ወደ ኋላ እስከ ዛሬ።"

እስከዚህ ደህና ነበርኩ። ከዚያ ትከሻቸው ላይ ትንንሽ ፊደል የተሸከሙ ትልልቅ ፊደሎች መጡ፤ እኔም ጠፋሁ።

"ገባህ?"

"ገባኝ፣ ጋሼ።"

ይሉኝታ ነው። ትልቅ ሰው ላቡ እስኪወርድ አስረድቶኝ አልገባኝም ልበል? አምስት እሁድ ገባኝ አልኩ። ፊታቸው እየበራ ሄደ።

ኢንተርቪው ያላቸው ዕለት ዕረፍቴ ነበር፤ ኪችን ሆኜ ጠበቅኳቸው። ወጥተው ውኃ ቀዱ፤ አልጠጡትም።

"እውቀቱ አለህ፣ ጀማሪ ተማሪ ግን አይከተልህም አሉኝ። ትራክ የሚጭነው ሩምሜቴ እንኳ ገብቶታል አልኳቸው። ምን ብሎ ጠየቀህ? አሉኝ። አንድ ቀን ጠይቀኸኝ አታውቅማ!"

"አልገባኝም ነበር፣ ጋሼ" አልኩ። "ፊደሎቹ ከመጡ በኋላ ምንም አልገባኝም።"

ጨንቆኝ ለፈለፍኩ። "ከፊደሎቹ በፊት ያለው ግን የእኛው ሥራ ነው። ትራክ ስንጭን መጨረሻው ስቶፕ ላይ የሚራገፈውን ዕቃ ነው ቀድመን የምናስገባው። ከመጨረሻው ተነስተን ወደ በሩ እንመጣለን።"

"ይሄን መቼ አሰብከው?"

"የመጀመሪያው እሁድ።"

"ታዲያ አፍህን ምን ያዘው?"

"አፈርኩ። ጥያቄም ነበረኝ። ገበሬው የመጨረሻው ዓመት መቼ እንደሆነ ካላወቀስ?"

ብርጭቆውን አስቀመጡ። "ይሄ እኮ የትምህርቱ ግማሽ ነው" አሉና ክፍላቸው ገብተው ዘጉ። ያን ቀን በግድግዳው በኩል ምንም አልሰማሁም። አምስት እሁድ ወንበሩ ላይ እኔ ነበርኩ፤ እሳቸው ግን እንደ ድሮው ብቻቸውን ነው ያስተማሩት።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ጫማቸው በር ላይ የለም፤ ሥራ ሄደዋል። የክፍላቸውን በር ክፍት ትተውታል። መስታወቱን ጥርግ አድርገው አጥፍተው፣ እንዳነበው ብለው ነው መሰለኝ ጥያቄዬን በትልልቅ ፊደል ጽፈውበታል። ማርከሩን ወንበሬ ላይ አስቀምጠውልኛል።