የዊልማ ጂን «ሬንዴዝቮስ»

ዊልማ ጂን ታኬት በአሜሪካ፣ በኬንታኪ የቨርሴልስ ከተማ ተወላጅ ናት። ፈረንሳዮች ያንኑ ስም «ቬርሳይ» ይሉታል አሉ፤ ይበሉት! በከተማዋ እንዲያ ብሎ የሚጠራ ከተገኘ፣ እንግዳ መሆኑ ወዲያው ይታወቅበታል።

ሥራዋ የትምህርት ቤት ምግብ ማብሰል ነው። መጽሐፍ ካገኘች ግን እህል ውሃም አያሰኛት። ጣጣዋም የመጣው ከዚያው ነው፤ ቃላቱን ያገኘቻቸው በዓይኗ እንጂ በጆሮዋ አይደለም። እንግሊዝኛ ደግሞ ጉደኛ ቋንቋ ነው፤ የሚጻፈው ሌላ፣ የሚባለው ሌላ። እሷ እቴ! «ከተጻፈ ይነበባል» ባይ ናት፤ አንድ ፊደል አታስቀርም። ቀጠሮ ለማለት ሰው ሁሉ ከፈረንሳይኛ ወስዶ ራንዴቩ የሚለውን እሷ ልቅም አድርጋ «ሬንዴዝቮስ» ትለዋለች። ልጇ ሎርና ትንሽ ሳለች፣ ዓርብ ዓርብ ከትምህርት በኋላ አይስክሬም ሊበሉ ሲቀጣጠሩ፣ «ሬንዴዝቮሳችን እንዳይረሳ!» ትላት ነበር።

ይህችው ሎርና ባስቲየን የሚባል የካናዳ፣ የኩቤክ ልጅ ልታገባ ሆነ። ቤተሰቡ ሲያስነጥሰው እንኳን በፈረንሳይኛ ነው! ዊልማ ጂን አንድ ልጇን በሠርጓ ቀን በአንደበቷ ልትመርቅ ስታልም ነው የኖረችው። ዋዜማው ላይ እህቷ ቨርና መጣችና፣

«ስሚ፣ ነገ እንዳትናገሪ! በገዛ ቋንቋቸው ጉድ ታፈዪብናለሽ። ልጅቱ አማቶቿ ፊት ትፈር?» አለቻት።

ዊልማ ጂን ክው አለች። ልጄንማ ከማሳፍር አፌ ይዘጋ ብላ ቆረጠች።

በነጋታው ሙሽሮቹ ቨርሴልስ ከሠርጉ ቤት ደርሰው፣ የሙሽራው ቤተሰብ የለም። ስንት ከተጠበቀች በኋላ የባስቲየን እናት ሶላንዥ ባርኔጣዋ ተጣሞ፣ ቤተሰቡን አስከትላ ከተፍ አለች።

«ወይ ዛሬ! ነዳጅ ማደያ ‹ቬርሳይ በየት በኩል ነው?› ብዬ ሰውዬውን ብጠይቀው፣ ‹እሱ ፈረንሳይ ነው እመቤቴ፣ በመኪና አይገባም› አይለኝም!»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፍርስ አለ። ምሳው ተበልቶም ሳቁ አልበረደም፤ ዊልማ ጂን ራሷ እየሳቀች፣ የትናንቱን ረስታ ብድግ አለች።

«ልጄ ሎርና፣ ትዳርሽ ይባረክ። ኑሯችሁ ሁሉ እንደዚያ እንደ ዓርቡ... እንደ ሬንዴዝ...»

ቃሉ አፏ ላይ ደረቀ። ቨርና ፊቷን በሶፍት ሸፈነች።

«‹ቮስ› በያ እማ! ጨርሺው እንጂ!» ብላ ጮኸች ሎርና ከመቀመጫዋ።

«አይ ልጄ፣ ላሳፍርሽ?»

«ምን ታሳፍሪኛለሽ? ትክክለኛውንማ ኮሌጅ ስቀውብኝ ተምሬዋለሁ፤ እሱን ለሌላ ሰው እናገረዋለሁ። አይስክሬም ያበላሽኝ ግን ሬንዴዝቮስ ነው። ባስቲየንንም መጀመሪያ የቀጠርኩት በሱ ነው!»

«እውነቷን ነው» አለ ባስቲየን። «እኔማ የምግብ ቤቱ ስም መስሎኝ ከተማውን ስዞር አመሸሁ!»

ከዚያ ወዲያ ማን ማንን ይስማ! ጠረጴዛ ይደበደባል፣ ቨርና እንኳን በሶፍቱ ውስጥ ትንፈቀፈቃለች። ዊልማ ጂን ሳቅና እንባ ተደባልቀውባት ቆማ ቀረች። ሶላንዥ መጥታ በክንዷ አቀፈቻት፤ ስሟንም በፈረንሳይኛ አፍ ጠራችው።

«ዊልማ ዣን፣ ነገ እኔና አንቺስ አይስክሬም አንበላም? ሬን... ሬንዴ... ምን ነበር ያላችሁት?»

«ሬንዴዝቮስ» አለቻት ዊልማ ጂን፣ አንድም ፊደል ሳታስቀር።